ስምንት ጭስ በአንድ ሜዳ

ደብረ ታቦር ላይ ክረምት በሰኔ ይገባል ይላሉ። ውሸት ነው። ክረምቱ ከጉና ተራራ ወርዶ አያውቅም፤ እዚያው ቤት ሠርቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ ይኖራል። በሰኔ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ልጆቹን ወደ ከተማ መስደድ ነው። ይህን የምለው ሰው ነግሮኝ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያን ተራራ ፊት ለፊት እያየሁ «ዛሬስ ምን አስበሃል?» ስለው ኖሬአለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሥራዬ በወረቀት ላይ «የጣቢያ ወኪል» ይባላል። በሥራ ላይ ግን ቲኬት ቆራጩ እኔ፣ ጓዝ ተሸካሚው እኔ፣ ከማረፊያው ሜዳ ላይ ላም አባራሪው እኔ፣ በሬዲዮ የአየሩን ሁኔታ ለባሕር ዳር የምናገረውም እኔ ነበርሁ። የአውሮፕላን ማረፊያ ስል አስፋልት ያሰበ አንባቢ ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሣር ነው። ከሣሩ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች፤ በክፍሏ ውስጥ አንድ ሬዲዮና አንድ የእህል ሚዛን አሉ። ረቡዕና ቅዳሜ ሁለት ሞተር ያላት አሮጊት ዳኮታ አውሮፕላን ከባሕር ዳር ትመጣለች፣ የሚሄደውን ይዛ ትመለሳለች። መንገደኛው ሁሉ ከነጓዙ እዚያ የእህል ሚዛን ላይ መውጣት አለበት። አንዲት ነጋዴ ሴት ይውጡ ብላቸው «እኔን ከበርበሬ ጋር? ዓይንህ ይፍሰስ!» ብለው ጆንያቸውን አስመዝነው፣ ራሳቸው ሳይመዘኑ ተሳፍረዋል። ዳኮታዋ ያን ቀን ከመሬት የተነሣችው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ችግሬ የጀመረው በነፋስ ነው። ፓይለቱ ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ የሚያይበት፣ ከረጅም እንጨት ላይ የሚንጠለጠል የጨርቅ ከረጢት ነበረን። አንድ የሰኔ ከሰዓት በኋላ የነፋስን አቅጣጫ የሚያሳየውን ከረጢት ራሱ ነፋሱ ይዞት ሄደ። ሥራውን አልበደለም፤ አቅጣጫውን እያሳየ ነው የሄደው፣ ወደ ጋይንት። ሌላ ይላክልኝ ብዬ ብጽፍ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። እስቲ አሁን ጨርቅ ምኑ ይጠናል?

ዳኮታዋን የሚያበሩት ካፒቴን ነገሩን ሲሰሙ «ተወው፣ ጭስ አጭስልኝ» አሉ። «በምዕራቡ ጫፍ ጭድ ለኩስና እርጥብ ሣር ጣልበት። ነፋሱንም ሜዳውንም በዚያ አውቃለሁ።» እንዲህ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ድምፅ በጣና በኩል ሲሰማ ክብሪቴን ይዤ እሮጣለሁ። ለመንግሥት ሥራ ስል በአንድ ክረምት የተነፈስሁት ጭስ አንድ ገዳም ሙሉ መነኩሴ በዕድሜው ከተነፈሰው ይበልጣል።

ከሜዳው ጋር የሚዋሰን የገብስ ማሳ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከብቶቻቸው ሣሬን ስለሚወዱት በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጣላለን፣ ሁለት ጊዜ እንታረቃለን። አንድ ቀን ጭሱን ስለኩስ መጡና ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

«አንተ የአውሮፕላኑ ልጅ፣ ይኸ ጭስ ምን ይረባሃል?»

እውነቱን መናገር እችል ነበር። ነገር ግን አፌን በላኝ።

«ደመናውን ለማባረር ነው እንጂ አባቴ። ጭሱ ሲወጣ ዓይኑን ይቆጠቁጠውና ይሸሻል። መንግሥት ያጠናው ነው።»

ይገረማሉ ብዬ ነበር። አልተገረሙም። ያገሩ ገበሬ ሰብሉ ካሸተ በኋላ የበረዶ ደመና ከጉና ሲነሣ ካየ በማሳው ዳር እርጥብ ወይራና እበት እያጨሰ በረዶውን ይመልሳል፤ ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ አላውቅም ነበር።

«እኛስ ለምን የምናጨስ መስሎህ ነው!» አሉ ደስ ብሏቸው። «አባቶቻችን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። መንግሥትም ዞሮ ዞሮ ወደ ልቡ ተመለሰ።»

ደረታቸውን ነፍተው ሄዱ። እኔ ቆርቆሮዬ ውስጥ ገብቼ ሚዛኑ ላይ እስክቀመጥ ድረስ ሳቅሁ።

በሐምሌ አንድ ረቡዕ ዳኮታዋ እንዳረፈች ዝናቡ መጣና በሩን ዘጋባት። ካፒቴኑና ረዳታቸው እኔ ክፍል ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ ታገቱ። ረዳቱ የፖስታ ከረጢት ተንተርሶ ተኛ። ካፒቴኑ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ቁመታቸው አጭር ነው፣ ድምፃቸው ግን ለሁለት ሰው ይተርፋል፤ በዚያ ቆርቆሮ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ጋር መወዳደር የቻለ ሌላ ድምፅ አልሰማሁም።

«ካፒቴን፣ ከዚህ የከፋ አይተው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«ይኸማ ጠበል ነው» አሉ።

ለካ ሰውዬው ድሮ ትልቁን ጄት ነበር የሚያበሩት። ቦምቤይ ይመላለሱ ነበር፤ የባሕሩን ዳርቻ ከለቀቁ በኋላ እስከ ሕንድ ድረስ ውቅያኖስ ብቻ ነው። «ከታች ውሃ፣ ከላይ ውሃ፣ መሃል አንተ» አሉኝ። «ክረምት ላይ እዚያ የሚቆመውን ደመና ብታየው ይኸን ጉናህን ትንቀዋለህ። አራት ጉና ደራርበህ ቁልል።»

ከእኔ የበለጠ ውሸታም አገኘሁ ብዬ ልቤ ቀና። እውነት መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ባወቅሁ ቀን ደግሞ ከልቤ ተናደድሁ። የሰው እውነት ከእኔ ውሸት ሲበልጥ አልወድም።

«ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እዞረዋለሁ።»

«መዞሪያ የሌለው እንደሆነስ?»

«እሱን ጠይቅ!» አሉና ሳጥናቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ። «ራዳሩ ላይ ደመናው ነጭ ሆኖ ይታይሃል። ነጩ መሃል ጥቁር ጉድጓድ ካየህ እሱ የደመናው ልብ ነው፣ ወደዚያ ድርሽ እንዳትል። በሁለት ጉድጓድ መካከል ቀጭን መንገድ ትፈልጋለህ። ፍጥነትህን ትቀንሳለህ። ከዚያ ሲያነሣህ ልውረድ፣ ሲጥልህ ልውጣ ብለህ አትሟገተው። ክንፍህን ደልድለህ ይዘህ እስኪበቃው ትጠብቃለህ። ከማዕበል ጋር የሚሟገት ፓይለት ክንፉን ይሰብራል።»

«አይፈሩም?»

«አንድ ማለዳ በመስተዋቱ ላይ ሰማያዊ እሳት እንደ ጉንዳን ሲርመሰመስ አየሁ። አያቃጥልም፣ መብረቅ የተጫነው ደመና ውስጥ ስትገባ የሚመጣ ነገር ነው። ከኋላ መቶ ሰው ቁርሱን ይበላል። ረዳቴ ዳዊት ይደግማል። እኔ ነዳጄን አሰላለሁ።»

«በዚያ ሰዓት ነዳጅ?»

«በዚያ ሰዓት ነው እንጂ። ውቅያኖስ ላይ አንድ ቦታ አለ፣ እስከዚያ ድረስ መመለስ ትችላለህ። ከዚያ አልፈህ ከሄድህ ነዳጅህ ወደ መጣህበት አያደርስህም፤ ያለህ ወደ ፊት ብቻ ነው። እና እዚያ ቦታ ስትደርስ ወዲያ ማዶ ሬዲዮ ላይ የተቀመጠውን ሰው፣ አየሩ እንዴት ነው ብለህ ትጠይቀዋለህ። ፊቱን አይተኸው አታውቅም። እሱን አምነህ ታልፋለህ።» ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ፓይለት የሚገድለው ደመና አይምሰልህ። ደመናማ ይታያል። ፓይለት የሚገድለው ‹ና፣ ደህና ነው› የሚል ሰው ነው።»

ነገራቸው ወዴት እንደሚሄድ ገብቶኛል።

«ለምሳሌ አንተ። ባለፈው ቅዳሜ ‹የሚወርደው በረዶ የፍየል ራስ ያህላል› ብለህ ነገርኸኝ።»

«ግልገል ፍየል ነበረች ጌታዬ።»

ረዳቱ የተኛ መስሎኝ ነበር፤ ከፖስታው ላይ ሆኖ በሳቅ ፈነዳ። ካፒቴኑም ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ፣ እንዲህ ያለውን ሰፊ ባሕር ትተው ወደ እኛ ሣር ለምን እንደ መጡ ጠየቅኋቸው።

«ወንድሜ ውጭ አገር ለትምህርት ሄዶ በዚያው ቀረ» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ከአገር በሚያስወጣ መስመር የሚመድበኝ ጠፋ።» ቀጥለውም ድንገት «አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሃል?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«ሒሳብ?»

«በሒሳብ የሚያህለኝ አልነበረም» አልሁ፤ ይህ እንኳ ብዙም ማጋነን አልነበረበትም።

«ዕድሜህስ?»

«ሃያ አራት።»

«ሃያ አምስት ካለፈህ አይቀበሉህም። አየር መንገዱ አሁን ለፓይለትነት ተማሪ ሊመለምል ነው። በሚቀጥለው ስመጣ ቅጹን አመጣልሃለሁ፤ ሞልተህ ስጠኝ። ወደ ውቅያኖሱ እኔ ካልተመለስሁ አንተ ሂድ።»

እኔ እስከዚያ ቀን ያየሁት ትልቅ ውሃ ጣና ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ውቅያኖስ ላይ ነበርሁ። ቲኬት ስቆርጥ በሁለት ጉድጓድ መካከል አልፋለሁ፤ ላም ሳባርር ክንፌን ደልድዬ እይዛለሁ። ካፒቴኑ ያመጡልኝን ቅጽ ሞልቼ በእሳቸው እጅ ላክሁ። ሐምሌ አለቀ፣ መልስ የለም። ነሐሴ ገባ፣ መልስ የለም። ቡሄ አለፈ። ሰው ሁሉ ሙልሙሉን በልቶ ሲጨርስ እኔ ፖስታ ቤት ደጅ ቆሜ «መጣልኝ?» እያልሁ ምላሴ ጠጕር አብቅሏል።

አንድ ሐሙስ ቀን መልሱ መጣ። ደብዳቤው የተጻፈው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ በመካከሉ የት እንደ ከረመ የሚያውቀው ራሱ ደብዳቤው ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት አዲስ አበባ ለፈተናና ለሕክምና ምርመራ እንድቀርብ ያዛል። ከግርጌው «ያልቀረበ እንደ ተወ ይቆጠራል» የሚል አለበት። ይህችን አንዲት መስመር ጸሐፊው በምን ዓይነት ደስታ እንደ ጻፋት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

በመኪና እንዳልሄድ መንገዱ ተቆርጧል። በሐሙሲት በኩል ለመምጣት የሞከረ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጭቃ በጭቃ ሆኖ በእግሩ ደርሶ ነበር። «ጉማራ ወንዝ ላይ አንበሳ ተኝቷል ብትለኝ አንበሳውን ቀስቅሼ አልፍ ነበር። ውሃው ግን ሞልቶ አያስጠጋም» አለኝ። የቀረኝ የቅዳሜዋ ዳኮታ ናት። በእሷ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር በዚያው ቀን አዲስ አበባ፣ እሑድ ዕረፍት፣ ሰኞ ፈተና። ቅዳሜ ካመለጠችኝ ሌላ ቅዳሜ የለም።

ዓርብን የበላው ቀበሌ ነው። በዚያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይታሰብም። ሊቀመንበሩ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ አንድ ጊዜ በፊት ለፊቱ፣ አንድ ጊዜ በጀርባው፤ በጀርባው የተጻፈ ነገር አልነበረም።

«ጓድ፣ አብዮቱን በምድር ላይ ማገልገል አነሰህ?»

«ከላይ ሆኜ ልጠብቀው ብዬ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

አልሳቀም። ስብሰባ አለ፣ ከስብሰባው በኋላ ይመታል አለ፤ ማኅተሙን ማለቱ ነው። ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ከማንም በላይ አጨበጨብሁ። መዳፌ ተልጦ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ሽማግሌውን ልሰናበት ማሳቸው ድረስ ሄድሁ። ነገሩን ሲሰሙ ግንባሬን ሳሙኝ። እንኳን ውቅያኖስ፣ ወረታ የሚሄድ ሰው እንኳ የሚያስለቅሳቸው ሰው ነበሩ።

«ነገ ደመና ይይዝብኛል ብለህ አታስብ» አሉኝ። «እኛ አለንልህ።»

ምርቃት መስሎኝ አሜን አልሁ።

ቅዳሜ ሲነጋ እውነትም ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነበር። የተበደርሁትን ጫማ አድርጌ፣ የታጠበውን ሸሚዝ ለብሼ ሬዲዮው ፊት ተቀመጥሁ። በሦስት ሰዓት ካፒቴኑ ከባሕር ዳር ጠየቁኝ። በመስኮት ጉናን አየሁት። ከራሱ ላይ ጡጫ የምታህል ጥቁር ነገር ብቅ ብላለች። «ሰማዩ እንደ መስተዋት ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ዋጥሁት።

«ጉና ላይ ደመና አለ ካፒቴን። ትንሽ ነው፣ ግን ጥቁር ነው። ሜዳው ክፍት ነው። ነፋስ ከምሥራቅ።»

«ፍየል የለም?»

«የለም ጌታዬ።»

«መጣሁ። ሻንጣህን አዘጋጅ።»

ከባሕር ዳር እስከ እኛ ጣናን እየጨለፈች የምትበርበት ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለጉና ግን በቃው። ያቺ ጡጫ መጀመሪያ ጎጆ አከለች፣ ቀጥሎ አጥቢያ አከለች፣ ከዚያ እንደ ተለቀቀ ኮርማ ቁልቁል መጣች። ሞተሩ ሲሰማኝ ወደ ምዕራቡ ጫፍ ሮጬ ጭሴን ለኮስሁ። በተበደርሁት ጫማ ጭቃውን እየረገጥሁ ስመለስ ቀና ብል፣ ከሽማግሌው ማሳ ዳር ሌላ ጭስ ተነሣ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ። በወዲያኛው ወገን ሁለት። ቆሜ ቆጠርሁ፤ ከእኔው ጋር ስምንት ሆኑ። በየጭሱ ሥር ሰው ጎንበስ ቀና ይላል፣ ወይራ ይከምራል፣ እበት ይጭናል። እነሱ በዘር የወረሱት ሙያ ነው፤ የእኔ ጭስ ከነሱ አጠገብ የሲጋራ ነበር የሚመስለው። የምሥራቁ ነፋስ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ በሜዳዬ ላይ እንደ ብርድ ልብስ አለበሰው።

ወደ ሬዲዮው ዘልዬ ገባሁ።

«ደብረ ታቦር፣ ጭስ አየሁ» ይላሉ ካፒቴኑ።

«የእኔ ነው ካፒቴን።»

«የትኛው?»

«በምዕራብ በኩል ያለው።»

«በምዕራብ ሦስት አለ።»

«ወፍራሙ ነው። ኧረ አይደለም፣ ቀጭኑ!»

«ምንድነው ነገሩ፣ ከተማው እየነደደ ነው?»

«አይደለም ጌታዬ። ለእኔ ብለው ነው።»

«ለአንተ ምን?»

ከላይ የሚዞር አውሮፕላን ውስጥ ላለ ሰው፣ በአንድ የሰኔ ቀን አፌን ስለ በላኝ ነው ብሎ እንዴት ይነገራል? «ኋላ እነግርዎታለሁ» አልሁ።

አንዴ ዞሩ፤ አላዩትም። ሁለቴ ዞሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አዩ፣ ሜዳውን ግን አላዩትም። ዝቅ ብለው ሲያልፉ ቆርቆሮዬ ተንቀጠቀጠ።

«ስማኝ» አሉ። አሁን ድምፃቸው የአንድ ሰው ብቻ ነበር። «ነዳጄ ለአንድ ሙከራ ይበቃኛል፤ ከዚያ የመመለሻዬን ይነካል። ተራራውንም ደመናው ይዞታል፣ እንደ ልቤ አልዞርም። በምሥራቅ በኩል ልወርድ ነው። እዚያ ጫፍ እንዴት ነው?»

በበሩ ብቅ አልሁ። የምሥራቁ ጫፍ ጨው እንደ ተዘራበት ነጭ ሆኗል። በረዶው ሣሩን እየመታ ወደ እኔ ይመጣል። ከላይ ላለ ሰው ጭሱ ሸፍኖታል፤ የሚያየው እኔ ብቻ ነኝ።

ያን ጊዜ ያሰብሁትን ልደብቅ አልችልም። አራት ጉና የሚያህል ደመና ያለፈ ሰው ይችን ታቅተዋለች? ብዬ አሰብሁ። በረዶው አምስት ደቂቃ አይቆይ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። እስኪወርዱ ያባራል ብዬ አሰብሁ። ሻንጣዬ በሩ አጠገብ ቆማለች። «ደህና ነው» ለማለት ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም፤ በቀን መቶ ጊዜ ለማንም ለምንም የምንለው ቃል ነው፤ በጥርስ ሕመም ሌሊቱን ያልተኛ ሰው እንኳ እንዴት አደርህ ሲሉት ይለዋል።

«በረዶ ነው» አልሁ። «ጫፉ ነጭ ሆኗል። መሬቱ ያንሸራትታል። አይግቡ።»

«የፍየል ራስ ነው?» አሉ። እየቀለዱ አልነበረም።

«ባቄላ ነው ጌታዬ። ባቄላ ያህላል።»

ከተወለድሁ ጀምሮ አንድን ነገር በልኩ የተናገርሁት ያን ጊዜ ይመስለኛል። የመረጥሁት ቀን አያስቅም?

«ገባኝ። ተመልሻለሁ።» ሬዲዮው ትንሽ ተንኮሻኮሸ። «ልጄ፣ ፈተናው ሰኞ ነው አይደል?»

«ሰኞ ነው።»

ሞተሩ ወደ ጣና እየራቀ፣ እየቀጠነ፣ ጠፋ።

ከዚያ ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል? በረዶው አባራ። ሩብ ሰዓት አልቆየም። ነፋሱ ዞረና ጭሱን ጠራርጎ ወሰደ፤ ፀሐይ ወጣች፤ ሜዳው ጠጉሩን እንደ ተላጨ ሕፃን ቁልጭ አለ። ሬዲዮውን አንቄ «ካፒቴን፣ ተከፍቷል! ተከፍቷል!» ብዬ ጮህሁ። «ጣና ላይ ነኝ። ነዳጅ የለኝም» አሉ። ለዳኮታዋም ከሰዓት በኋላ ሌላ መንገደኛ ሌላ ቦታ ይጠብቃታል።

ሻንጣዬ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ሽማግሌው መጡ። ከኋላቸው ስድስት ሰባት ጎረቤት ይከተላቸዋል። ሁሉም በጥላሸት ጠቁረው፣ ዓይናቸው ቀልቶ እንባው ይወርዳል፣ ግን ፊታቸው ሠርግ ቤት ነው።

«እንዴት ነው!» አሉ ሽማግሌው። «አባረርነው አይደል? ገብሱንስ አንድ ዛላ አልነካም!» ከዚያ ወዲያ ወዲህ አዩ። «አውሮፕላኑስ?»

«ተመለሰ።»

«ምነው? ሰማዩን አጥርተንለት?»

ልጮህ አፌን ከፈትሁ። እነዚያ ሰዎች ግን ሥራቸውን ትተው፣ ለማገዶ ያደረቁትን ኩበት ሳይቀር አንድደው፣ ዓይናቸውን ያሳወሩት ለእኔ ብለው ነው። በማን ላይ ይጮኻል?

«ጭሱ በዝቶበት ነው አባቴ። ሜዳው ጠፋበት። ጭሱ ሜዳውን ለማሳየት ነበር፣ አንድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ደመና ለማባረር ነው ያልኸን? መንግሥት ያጠናው ነው ብለህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እና?»

«ቀልዴን ነበር።»

ጎረቤቶቻቸው እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ስድብ ብጠብቅ፣ ዱላም ብጠብቅ አልመጣም።

«በደመና ይቀለዳል?» አሉኝና ወደ ማሳቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሲያገኙኝ ሰላምታ አልነሡኝም። ግን አንድም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም የምመልሰው ነገር ስላልነበረኝ ለሁለታችንም ተመቸን።

መምጣት ያልቻልሁት በአየሩ ምክንያት እንደሆነ ቴሌግራም አደረግሁ። መልሱ ቶሎ ደረሰ፤ እምቢታ ሲሆን መንገዱ አይበላሽም። ያልቀረበ እንደ ተወ ይቆጠራል ይላል። ቀጣዩ ምልመላ ሲወጣ ሃያ አምስቱን በሁለት ወር አልፌው ነበር። ሁለት ወር! ጉና ላይ ክረምት ልጁን ወደ ከተማ ልኮ እስኪመለስለት የሚጠብቅበትን ጊዜ እንኳ አይሞላም።

ዳኮታዋ ረቡዕ መጣች፤ ካፒቴኑ ወርደው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። የጭሱን ታሪክ ነገርኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር።

«ይግቡ ብትለኝ ኖሮ እገባ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ከኋላዬ አሥራ ስምንት ሰው ነበር።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«መልካም አደረግህ። ውቅያኖስ ማዶ እንዳንተ ያለ ሰው ሁልጊዜ አላገኘሁም።»

«መልካም ማድረጌ ታዲያ ውቅያኖሱን ያሻግረኛል?»

ካፒቴኑ የጭነቱን ወረቀት ከእጄ ተቀብለው ፈረሙ፣ እስክሪብቶዬን መለሱልኝ፣ ወደ ዳኮታዋ ሄዱ። ረዳቱ ሲያልፍ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ለበጎ ነው» አለኝ። ይህን ቃል ለዚያ ጉዳይ የነገሩኝ ሰዎች ቢሰለፉ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ይደርሳሉ፤ በጎውን ያሳየኝ ግን አንድም የለም።

መንገደኞቹን አሳፈርሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ከጎማው ሥር ድንጋዩን አነሣሁ። ዳኮታዋ ሣሩን እየገረፈች ሄዳ ተነሣች። ሰማዩ ያን ቀን ከጉና እስከ ጣና ጉርሻ የምታህል ደመና እንኳ አልነበረበትም። በሜዳው መሃል ቆሜ አንጋጥጬ እየተሳደብሁ ቆየሁ። ማንን እንደ ሆነ ግን አልናገርም፤ ሰማይ የማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን።